የኡሻ ጓሮ ባለመቀነቶች

ማለዳ ላይ ሬዲዮው የዕለቱን ወሰን ተናገረ። «ዛሬ የሙቀት ወሰኑ አንድ ሺህ ሰባት መቶ አርባ ሜትር ነው። ከዚያ በታች ያላችሁ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ወደ ጥላ ግቡ።» ከዚያ በታች የሚኖር ሰው ከጠፋ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ማስታወቂያውን የሚያስቀር ሰው ግን አልተገኘም፤ እኔም ጥርሴን እየፋቅኩ በየቀኑ እሰማዋለሁ።

የምኖረው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ላይ ነው። ድሮ ሰው ሲተዋወቅ «የማን ልጅ ነሽ?» ይባል ነበር፤ ዛሬ «ስንት ሜትር ነሽ?» ነው ጥያቄው። ልጅ ስትታጭ መጀመሪያ የሙሽራው ቤት ከፍታ ይጠየቃል፤ ከሁለት ሺህ አራት መቶ በታች ከሆነ የአማቶቿ ቡና እንኳ ሳይጠጣ ነገሩ ይቀራል። የቤታችን ግድግዳ ሳንቃ ሁሉ ቁጥር ተጽፎበታል፤ በአሥራ አምስት ዓመት አንዴ ተፈትቶ ሽቅብ ሲወጣ እንዳይደባለቅ ነው። የእኔ ቤት ሦስት ጊዜ ተፈትቷል። የማድቤቱ ሰባተኛ ሳንቃ በሁለተኛው ጉዞ ጠፍቶ በቆርቆሮ ስለተተካ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንጫጫል።

ሥራዬ ቀንድ አውጣ መሸከም ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ተራራው በየዓመቱ ከሥር ወደ ላይ ይሞቃል። ሰው ቤቱን ነቅሎ ይሸሻል፣ ወፍ ይበራል፣ ዛፍም ቢሆን ዘሩን በወፍ ሆድ ይልካል። ቀንድ አውጣ ግን ዕድሜውን ሙሉ ቢጓዝ ከአንዱ ጉቶ ሌላው ጉቶ ቢደርስ ነው። ስለዚህ በየክረምቱ እኛ የከፍታ ማስተካከያ ቢሮ ተሸካሚዎች፣ እርጥብ ቅጠል በተነጠፈበት ቅርጫት አድርገን አሥራ አራት ሜትር ወደ ላይ እናወጣቸዋለን። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ አሥራ አራት ሜትር።

ከመሸከማችን በፊት እንመድባለን። ሸራ ላይ ዘርግፈን ጥምዛቸውን እንቆጥራለን፣ አፋቸው በየት በኩል እንደሚከፈት እናያለን፣ ከንፈራቸው የተገለበጠ መሆን አለመሆኑን በጥፍራችን እንዳስሳለን። በዚህ ተራራ የተመዘገቡት አሥራ ሰባት ዓይነት ሲሆኑ እያንዳንዱ የራሱ ቀበቶ አለው፤ ከዚህ ሜትር እስከዚያ ሜትር። የመጽሐፍ ስማቸው ለምላስ ስለሚከብድ ተሸካሚው በራሱ ስም ይጠራቸዋል። ሾጣጣው አለ፣ ጠፍጣፋው አዝራሬ አለ፣ ቅርፊቱ ላይ ጠጉር ያበቀለ ጠጉራሙ አለ። ከሁሉም የምወደው ባለመቀነትን ነው። ቡናማ ነው፤ ስድስት ጥምዝ ተኩል አለው፤ ወገቡ ላይ አንድ ነጭ መስመር ዞሮታል፣ ልክ እንደ ሴት መቀነት። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ቢያንስ ቡድኑ የሚያውቀው እንደዚያ ነው።

ባለመቀነት እያለቀ ነው። ካቻምና ሦስት መቶ አርባ ቆጥረን ነበር፤ አምና ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። በየዓመቱ ይስማማቸዋል ወደተባለው ከፍታ እናወጣቸዋለን፤ በየዓመቱ ያንሳሉ። ለምን እንደሆነ የሚነግረን አላገኘንም።

በበጋ ቀንድ አውጣ የቅርፊቱን በር በስስ ነጭ ሽፋን ዘግቶ ይተኛል። እኛም ቢሮ ገብተን ማህተም እንመታለን። በዚያ ቀን፣ መጋቢት 19 ቀን 2092 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ገጽ ወረቀት ጠበቀችኝ።

«የኡሻ ሸለቆ። ከ1,560 እስከ 1,690 ሜትር። በመነሻው ካርታ የተመዘገበ ነዋሪ ፍጡር፦ የለም። ምደባ፦ ባዶ።»

ባዶ የተባለ ቦታ ለፈለጉት ሥራ ይለቀቃል። ኡሻ በሰኔ ውሃ ሊሞላበት ነው፤ ላይኛዎቹ ሰፈሮች ይጠማሉ፣ ግድብ ያስፈልጋል፣ ነገሩ ምክንያት አያጣም። ማህተሙን ቀለም ላይ ጫንኩና እጄ አየር ላይ ቀረ። ኡሻ የተወለድኩበት መንደር ነው።

መነሻው ካርታ በኮሪደራችን በመስታወት ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ከሃምሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ሰው ገና ሽቅብ መሰደድ ሳይጀምር፣ ጋሽ ወዳጆ የሚባሉ ሰው ተራራውን በእግራቸው ዞረው የሠሩት ነው። ጋሽ ወዳጆ የእኔም አለቃ ነበሩ፤ ቀንድ አውጣ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ቀይ ነጥብ አንድ የተገኘ ቀንድ አውጣ ነው። ከኡሻ በላይ ያለው ተረተር በነጥብ ተሞልቷል። ኡሻ ራሱ ነጭ ነው፤ አንዲት ነጥብ የለበትም።

ለምን እንደሌለበት አውቃለሁ። ጋሽ ወዳጆ የመጡ ዕለት ነበርኩ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ባርኔጣው የሰፋው ረጅም ቀጭን ሰው ከአጥራችን ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። በኡሻ አጥር ገፍቶ መግባት የለም፤ ተጣርተህ «ይግቡ» እስክትባል ትቆማለህ። እናቴ ዘርትሁን አስገባችው፣ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው፣ ቆጮና ጎመን አቀረበችለት። እንግዳ የሚገባው እስከዚያ ድረስ ነው። ደጃፍ ሌላ፣ ጓሮ ሌላ። ጓሮ የእንሰት ነው፣ እንሰት ደግሞ የሴት ነው። አባቴ እንኳ ጓሮ ሲገባ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር።

እንግዳው በልቶ እጁን ታጠበና «እህቴ፣ በጓሮ በኩል ቀንድ አውጣ ይኖር ይሆን?» ሲል ጠየቀ።

እናቴ እንደተሰደበች ሁሉ ቀጥ ብላ ቆመች። እንሰቷ ቀንድ አውጣ ያፈራባት ሴት ሰነፍ ተብላ በገበያ ትነሳለች። «በእኔ ጓሮ? ኧረ የለም! ምን ቆርጦት!» አለች።

እኔ በዚያች ደቂቃ በቀሚሴ ጫፍ ሦስት ባለመቀነቶች ቋጥሬ ይዤ ነበር። የኡሻ ሴት ልጆች እርጥብ የእንሰት ቅጠል ላይ እናሽቀዳድማቸው ነበር፤ ስማቸውም ያኔ የወጣ ነው። እናቴ አንዴ ዞር ብላ አየችኝ። ቋጠሮዬን ጨበጥኩ። ሰውየው ደብተሩ ላይ «የለም» ብሎ ጻፈ፣ አመስገነ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። ኡሻ አርባ ሁለት ቤት ነበረው። አርባ ሁለት ጊዜ «የለም» ጻፈ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በቢሮው ስሠራ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የጠየቀኝ የለም። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እናቴን ማዋረድ መሰለኝ። ሸለቆው ነጭ ሆኖ ቢቀር ማንን ይጎዳል? ደግሞስ ሰው ጥሎት የሄደ እንሰት በዚያ ሙቀት ደርቆ አልቋል፤ ቀንድ አውጣዎቹም አብረው አልቀዋል ብዬ ደምድሜ ነበር።

ባዶ የሚባል ቦታ ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው ወርዶ ባዶነቱን አይቶ መመስከር አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይወርድም፤ ፊርማው ብቻ ይወርዳል። እኔ ግን የመውረጃ ወረቀት አስሞላሁ። የስድስት ሰዓት ፈቃድና አንድ የበረዶ ሰደርያ ተሰጠኝ።

ለእኔ ዕድሜ ሰው ቁልቁል መውረድ ወደ ኋላ መሄድ ነው። መኪናዋ ያለ ሾፌር በአሮጌው መንገድ ስትወርድ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ላይ የቀድሞ ሰፈራችንን መሠረት አየሁ፤ እናቴ ያረፈችው እዚያ ሳለን ነው። አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ላይ ትምህርት ቤቴ የነበረበት ሜዳ ነበር፤ የባንዲራው ምሰሶ ተጋድሟል። እናቴ ከኡሻ ስንወጣ አንድ የእንሰት ችግኝ በነጠላዋ አዝላ እስከዚህ አምጥታ ተክላው ነበር። አልያዘላትም። ከዚያ በኋላ ኡሻን በስሙ ጠርታ አታውቅም፤ የሰው ጓሮ ባየች ቁጥር ግን ዓይኗ እዚያው ይቀር ነበር።

ኡሻ ስደርስ አላወቅሁትም። ቤቶቹ የሉም፣ አጥሮቹ በስብሰዋል። እንሰቱ ግን አልሞተም ነበር። የሚቆርጠው ሰው አጥቶ ከምንጩ ዳርና ዳር ደን ሆኗል፤ ቅጠሉ ከላይ ተገጣጥሞ ከሥሩ ጨለማና ቅዝቃዜ ነግሷል። የሰደርያዬ የሙቀት ማስጠንቀቂያ መጮሁን አቆመ። የቤታችንን ደጃፍ ያገኘሁት በጠፍጣፋው ድንጋይ ነው፤ አባቴ ጭቃ እንዳይገባ ያነጠፈው ነበር። በድንጋዩ አልፌ ወደ ኋላ ስዞር፣ ሳላስበው፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

የመጀመሪያውን እንሰት ግንድ የጠቀለለውን ልጥ ፈልቀቅ አደረግሁ። ውስጡ ውሃ ቋጥሯል። ከውሃው በላይ፣ ተደርድረው፣ በራቸውን ዘግተው ተኝተዋል። ቡናማ፣ ወገባቸው ላይ ነጭ መቀነት። ሁለተኛውን እንሰት ፈለቀቅኩ፣ ሦስተኛውን። አንድ መቶ አሥር ላይ መቁጠሬን ተውኩ። ከአንድ ጓሮ ከሦስት እንሰት ብቻ ነው እንግዲህ፤ ላይ ቤት ለሃምሳ ዓመት ያዘልናቸው ሁሉ ተደምረው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። እናቴን ብቻ ሳይሆን ዘጠኝ ዓመቴን ያገኘሁ መሰለኝ። ስነሳ ሦስቱን በሻሼ ጫፍ ቋጠርኩ።

የቢሯችን ኃላፊ ሱራፌል ገና አርባ አልሞላውም፣ ጨዋ ልጅ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ቋጠሮዬን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁለት።

«ቆንጆ ናቸው፣ እትዬ ትርንጎ» አለኝ እያገላበጠ። «ግን መጤ ናቸው።»

«ምን ናቸው?»

«መጤ። በመነሻው ካርታ ነጥብ በሌለበት ቦታ የተገኘ ፍጡር መጤ ነው የሚባለው። በዕቃ ወይም በሰው ታዝሎ የመጣ ተደርጎ ይወሰዳል። መጤ ደግሞ አይቆጠርም።»

«ሱራፌል፣ ቀንድ አውጣ እኮ ነው። በምን መጣ ልትለኝ ነው? በአውቶቡስ?»

ሳቀ፣ ወዲያው ግን ኮስተር አለ። «እኔ አምንዎታለሁ። የማያምንዎት ወረቀቱ ነው።»

«ልጅ ሆኜ እዚያው ጓሮ አይቻቸዋለሁ። በእጄ ይዣቸዋለሁ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተመዘገቡም?»

የሻሼን ጫፍ መልሼ መቋጠር ጀመርኩ። እሱም አላስጨነቀኝም። ደንቡን አውጥቶ አነበበልኝ፦ መነሻውን ካርታ የሚያርመው የሠራው ሰው ብቻ ነው፣ በሕይወት ካለ። በስፍራው ቆሞ፣ በዓይኑ አይቶ፣ የስህተቱን ምክንያት በገዛ እጁ ጽፎ። የኡሻ ፋይል የሚዘጋው መጋቢት 30 ነው።

ልወጣ ስል ጠራኝ። «አንድ ነገር ደግሞ ያስቡበት። ካርታው ከታረመ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ሳይነኳቸው እዚያ ታች በደህና ከኖሩ፣ እናንተ ለምን ትሸከማላችሁ? ቡድኑ መበተኑ አይቀርም። እርስዎም ጭምር።»

ሠላሳ ስምንት ክረምት በጀርባዬ ላይ ተደራርቦ ተሰማኝ። «አስቤበታለሁ» አልኩት። አላሰብኩበትም ነበር።

ጋሽ ወዳጆ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አሥር ላይ፣ ጉም በማይለይበት ሰፈር፣ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣታቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ከሦስቱ አንዱን መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው። በጥፍራቸው ጥምዙን ተከትለው ዞሩ።

«ስድስት ተኩል። ከንፈሩ አልተገለበጠም። ባለመቀነት ነው» አሉ። ከዚያ መዘኑት። «ግን ይህ የጠገበ ነው። የኛዎቹ እንዲህ አይደሉም። ከየት አመጣሽው?»

«ከኡሻ።»

ጣታቸው ቆመ። «ከማን ጓሮ?»

ጓሮ የሚለውን ቃል እኔ አላነሳሁም ነበር። «ከእናቴ» አልኩ ቀስ ብዬ። «ጋሼ፣ ያውቁ ነበር እንዴ?»

«አውቅ ነበር አልልም። እጠረጥር ነበር። ቡድኑ ውስጥ የገባሽ ክረምት፣ ቅርጫቱ ውስጥ ገና እንዳየሽው ‹ባለመቀነት!› አልሽ። ሰው አይቶት የማያውቀውን ነገር እንደዚያ በስሙ አይጠራም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እናትሽ የለም ብላኛለች። ሴትዮ በገዛ ጓሮዋ የለም እያለች ገብቼ ልፈትሽ?»

የማረሚያውን ቅጽ አንብቤላቸው «የስህተቱ ምክንያት» የሚለው ላይ ስደርስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«እዚያ ላይ ምን ብዬ እጽፋለሁ? አርባ ሁለት ሴቶች ዋሹኝ ብዬ? ሁሉም ሞተዋል፣ ትርንጎ። ቆጯቸውን በልቼ፣ ጎመናቸውን በልቼ፣ መልስ በማይሰጡበት ጊዜ ውሸታም ናቸው ብዬ ልፈርም? ካርታዬ ስህተት ነው ካልሽኝ እሺ፣ ይሁን፣ ቅደጂው። ይህን ግን አልጽፍም።»

«ጋሼ፣ ሸለቆው ውሃ ሊሞላ ነው። እነዚህ ከጠፉ ላይ ቤት ያሉት አይተርፉም። ባለመቀነት የሚባል ነገር አይኖርም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ!» ከዘራቸውን መሬት መቱ። ከዚያ በዝግታ ቀንድ አውጣውን መለሱልኝ።

ሰናይት በር ድረስ ሸኘችኝ። ፊቷ ጠቁሯል። «እትዬ ትርንጎ፣ አባዬን ይተዉልኝ። እዚያ ወርዶ ልቡ ቢቆምስ? ደግሞ ያለው ይህ ካርታ ነው፤ እሱንም ሊነጥቁት ነው?»

ቁልቁል ወደ ቤቴ ስሄድ በእናቴ ተናደድኩ። ለአንዲት «ሰነፍ» ለምትል ቃል ብላ አንድ ሸለቆ ከካርታ ፋቀች። ቤቴ ሳልደርስ በመናደዴ አፈርኩ። ያቺ ሴት የነበራት ጓሮ ብቻ ነበር፣ እሱንም ካርታው በተሠራ በስድስት ወር ውስጥ ከኡሻ ሲያስወጡን ነጠቋት። ቋጠሮዬን የጨበጥኩትስ እኔ አይደለሁም?

ስምንት ቀን አለፈ። ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ሦስቱ ባለመቀነቶች ደግሞ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልለው መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። መጋቢት 28 ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ትርንጎ፣ የእናትሽ ቤት አጥር አለው?» ጋሽ ወዳጆ ነበሩ፤ ሰላምታም አላስቀደሙም።

«የለውም ጋሼ። በስብሷል።»

«በሩ በየት በኩል እንደነበር ይታወቃል?»

«ይታወቃል። ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።»

«እሱ ይበቃል። ነገ ውሰጂኝ።»

«ሰናይትስ?»

«ተቆጥታለች። አሁን ሰደርያው ይጠብበኝ ይሰፋኝ እንደሆነ እየለካች ነው።»

በማግስቱ ሦስታችን ወረድን፤ ሱራፌል ለምስክርነት ቅጹን ይዞ አብሮን መጣ። እሱ በዕድሜው ከሁለት ሺህ ሜትር በታች ወርዶ አያውቅም፤ በመስኮቱ እያየ ጠየቀን፣ ጠየቀን። ጋሽ ወዳጆ ዓይናቸውን ጨፍነው መንገዱን በመታጠፊያው ብቻ ይለዩታል። «እዚህ ጋ አንድ ዋንዛ ነበር» ይላሉ፤ ጉቶው አለ። «እዚህ ጋ አዝራሬ አግኝቻለሁ፣ ሁለት» ይላሉ። የተሰደድንባቸውን ሰፈሮች አንድ በአንድ አልፈን ኡሻ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከእንሰቱ ጥላ ውጭ ያለው ፀሐይ ይጠብሳል።

ክንዳቸውን ይዤ እስከ ጠፍጣፋው ድንጋይ አመጣኋቸው። እዚያ ሲደርሱ ክንዳቸውን አስለቀቁኝ።

«አንቺ ግቢ» አሉኝ። «ቤቱ ያንቺ ነው።»

ገባሁ። ቤታችን የነበረበትን ሣር አቋርጬ ጓሮው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ጋሽ ወዳጆ ከድንጋዩ ወዲያ፣ ፀሐዩ ላይ ቀሩ። ሱራፌል ሰዓቱን አየ። «አባቴ፣ ይግቡ እንጂ፣ አጥር የለም እኮ! ሙቀቱ ይጎዳዎታል።» አልሰሙትም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቤቶች!» ብለው ተጣሩ።

ሃምሳ አንድ ዓመት በዚያ ደጃፍ ያልተሰማ ቃል ነው። ጋሽ ወዳጆ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይጠብቃሉ፤ መልስ እስኪያገኙ ድረስ እዚያው ፀሐይ ላይ ቆመው እንደሚውሉ ገባኝ። ሱራፌል አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል። እናቴ ምን ነበር የምትለው? ሳስታውሰው ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም።

«ደጅ ምን ያቆምዎታል? ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!»

ገቡ። ቀስ እያሉ፣ በከዘራቸው፣ ደጃፉ የነበረበት ቦታ ድረስ መጡና እንደገና ቆሙ።

«እህቴ» አሉ፣ «በጓሮ በኩል ቀንድ አውጣ ይኖር ይሆን?»

ስድሳ ዓመቴ ነው፤ የልጅ ልጅ አለኝ። ግን እንደዚያን ዕለት አንድ ሰው ዞር ብሎ እስኪያየኝ ጠበቅሁ። ያየኝ አልነበረም።

«አለ» አልኩ። «ብዙ አለ። ይምጡ ላሳይዎት።»

ጋሽ ወዳጆ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና ጓሮ ገቡ።

የመጀመሪያውን እንሰት ልጥ ፈልቅቄ እጃቸውን ወደ ውስጥ መራሁላቸው። ጣታቸው በተኙት ላይ አንድ በአንድ ሄደ፤ ከንፈራቸው ይቆጥራል። ብዙ ቆዩ። ሱራፌል ሙቀቱንም ሰዓቱንም ረስቶ አጠገባቸው ተንበርክኮ ነበር።

«ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክመናል» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እነሱ ግን ቤታቸው ነበሩ።» ሳቁ ይሁን ለቅሶ ሳይለይ ትከሻቸው ተነቃነቀ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬያቸው አለቀስኩ።

ቅጹን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዕሩን ያዙ። ሱራፌል የሚጽፉበትን መስመር በጣቱ አሳያቸው። በትላልቅ ፊደል፣ ከ«የስህተቱ ምክንያት» ፊት ለፊት እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ያኔ ጓሮ አልተጋበዝኩም። ዛሬ ተጋበዝኩ።»

ሱራፌል ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይህ... ለምክንያት ይበቃል?» አለ።

«አንተ ሳትጋበዝ የሰው ጓሮ ትገባለህ?» አሉት።

«አልገባም።»

«ታዲያ ይበቃል።»

ሱራፌል ትንሽ አሰበና ፈረመ። ማህተሙን ይዤው ስለመጣሁ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ኡሻ ባዶ መባሉ ቀረ። ከዚያ ከቦርሳዬ ቆጮና ጎመን አወጣሁ፤ ሦስታችንም እዚያው ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር በላን። ጋሽ ወዳጆ የእናቴ ጎመን ቅቤው ይበዛ ነበር ብለው አሟት።

መኪናዋ ስትጠራን እነሱን አስቀድሜ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሻሼን ፈትቼ ከመሳቢያዬ ያመጣኋቸውን ሦስት ባለመቀነቶች በአንደኛው ልጥ ውስጥ፣ ከውሃው በላይ፣ ከጓደኞቻቸው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሽቅብ ተሸክሜያለሁ፤ ወደ ቤታቸው የተሸከምኩት እነዚህን ሦስቱን ብቻ ነው።